ከዋዜማው እስከ ማግስቱ፦ የበዓል ዕረፍትና የበዓል ድግስ በኢትዮጵያ የሥራ ቦታዎች

በኢትዮጵያ ሕግ የሕዝብ በዓል ማለት ሥራ የሚቆምበት፣ ደመወዝ ግን የማይቆምበት አንድ ቀን ነው፤ በኢትዮጵያውያን ኑሮ ግን በዓል ከገበያው፣ ከዋዜማው፣ ከመንገዱና ከማግስቱ ጋር ተያይዞ የሚመጣ፣ አንዳንዴም ሳምንት የሚሞላ ጊዜ ነው። አሠሪዎች ከመስከረም ጀምሮ በየበዓሉ የሚገጥማቸው ችግር በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው። ሕጉ የሚያዛቸው ቀኑን እንዲያከብሩ ሲሆን፣ ሠራተኛው የሚጠብቅባቸው ደግሞ በሬውን፣ ቀደም ብሎ የሚከፈለውን ደመወዝ፣ አገር ቤት ደርሶ የሚመለስበትን ፈቃድና በዋዜማው አብሮ የሚቆረሰውን ድፎ ዳቦ ጭምር ነው። ከሕጉ ውጪ ያለው ይህ ሰፊ ክፍል በልማድ የሚመራ ስለሆነ በአንዱ ድርጅት እንደ መብት ሲታይ በሌላው እንደ ችሮታ ይቆጠራል፤ ማን እንደሚያገኘውና ማን እንደሚቀርበት የሚወስነውም ብዙ ጊዜ የተጻፈ ደንብ ሳይሆን የሥራ አስኪያጁ በጎ ፈቃድ ነው።

የተጻፈውን ክፍል አስቀድሞ ማየት ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕዝብ በዓላት ደመወዝ የሚከፈልባቸው ቀናት መሆናቸውን ይደነግጋል፤ በወር ደመወዝ የተቀጠረ ሠራተኛም በበዓል ቀን ባለመሥራቱ ምክንያት ከደመወዙ ምንም አይቀነስበትም። ደመወዙ በወር የማይታሰብለት ሠራተኛ፣ ማለትም በቀን ወይም በሠራው ልክ የሚከፈለው፣ የበዓል ቀን ክፍያው የሚወሰነው ግን በሥራ ውሉ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ነው። ኅብረት ስምምነት የሚባለው የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪው ተደራድረው የሚፈርሙት፣ በሕጉ ከተቀመጠው ዝቅተኛ መብት በላይ የሚሰጥ ጽሑፍ ነው። የሠራተኛ ማኅበር በሌለበትና ውሉም ስለ በዓል ምንም በማይናገርበት ቦታ የቀን ሠራተኛው በዓል ያለ ክፍያ የሚያልፍ ቀን ሆኖ ይቀራል፤ ይህም ሌላው ሰው ገበያ በሚወጣበት ሰሞን የእሱን ገቢ ይቀንስበታል። በበዓል ቀን የሠራ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ሰዓት የመደበኛ ክፍያውን እጥፍ ያገኛል፤ በዚያው ቀን ከመደበኛው ሰዓት በላይ ከሠራ ደግሞ ትርፍ ሰዓቱ በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይታሰብለታል። በዓሉ ከሳምንቱ የዕረፍት ቀን ወይም ከሌላ በዓል ጋር ሲገጥም የሚከፈለው የአንዱ ብቻ ነው።

ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ በፋሲካ ላይ ጎልቶ ይታያል። ፋሲካ ምንጊዜም እሑድ ስለሚውል፣ እሑድን ለሚያርፍ ሠራተኛ ከዓመቱ በዓላት ሁሉ የሚልቀው በዓል የሚጨምርለት የዕረፍት ቀን የለም፤ ትርፍ ሆኖ የሚያገኘው ዓርብ የሚውለውን ስቅለትን ነው። ቅዳሜው ቀዳም ሥዑር በብዙ ቦታ ግማሽ ቀን ይሠራበታል፤ ሰኞው ደግሞ መደበኛ የሥራ ቀን ነው። ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን አድሮ፣ ሃምሳ አምስቱን ቀን የጾመውን ሆድ በእሑድ ማለዳ የፈታ፣ ከዚያም ወላጆቹን ለማየት ወደ ገጠር የወጣ ሰው ሰኞ ጠዋት ከማሽኑ አጠገብ እንዲቆም መጠበቅ በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ የመገኛ መዝገቡ ግን በየዓመቱ ሌላ ነገር ይናገራል። ልምድ ያላቸው አሠሪዎች ይህን ቀን አስቀድመው በዓመት ዕረፍት ሒሳብ ያስይዙታል ወይም በሳምንቱ ሌሎች ቀናት ሰዓት ጨምረው ያካክሱታል። አዋጁም በሳምንት ውስጥ የአንዱን ቀን ሥራ አሳጥሮ ለሌሎቹ ቀናት ማከፋፈልን ይፈቅዳል፤ ገደቡ የቀኑ ሥራ ከስምንት ሰዓት ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይጨምር ነው። ምንም ሳያዘጋጁ ሰኞን ጠብቀው ማስጠንቀቂያ የሚጽፉ አሠሪዎች ግን ከሠራተኛው ጋር የሚጣሉበትን ቀን በገዛ እጃቸው ይቀጥራሉ።

የበዓላቱ ዝርዝር ራሱ ታሪክ አለው። እስከ ዘውዳዊው ሥርዓት ፍጻሜ ድረስ በመንግሥት ደረጃ ይከበሩ የነበሩት ሃይማኖታዊ በዓላት የክርስቲያኑ ብቻ ነበሩ፤ ሙስሊም ሠራተኛ ዒድን የሚያከብረው ፈቃድ ለምኖ ወይም ከሥራ ቀርቶ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ የእስልምና በዓላት በብሔራዊ ደረጃ እንዲከበሩ የሚል ነበር። ዘውዳዊው ሥርዓት ከወደቀ በኋላ ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሃ (ዐረፋ) እና መውሊድ ከሕዝብ በዓላት ተቆጠሩ፤ በአዋጅ ቁጥር 16/1967ም ሰፈሩ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፍም የበዓል ስጦታቸው ለገናና ለፋሲካ ብቻ የሚታሰብ፣ ዐረፋ ሲመጣ ግን ቀኑን ዘግቶ ከመዋል ያለፈ ነገር የማያደርጉ ድርጅቶች ዛሬም አሉ። ቀኑ ከታወቀ በኋላም ስጦታው ሳይታወቅ መቅረቱ ሊታረም የሚገባው ግድፈት ነው።

የዒድ ቀን ደግሞ የራሱ የአሠራር ጥያቄ አለው። የእስልምና ወር የሚገባው ጨረቃ ስትታይ በመሆኑ ዒድ አልፈጥር ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ የሚታወቀው በዋዜማው ምሽት ነው። ለቢሮ ሠራተኛ ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ በሦስት ፈረቃ ለሚሠራ ፋብሪካ ግን የሌሊቱ ፈረቃ ይግባ አይግባ፣ የሠራተኛ ማመላለሻው አውቶቡስ ይውጣ አይውጣ፣ የተቦካው ሊጥ ይጋገር አይጋገር የሚወሰነው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለሁለቱም ቀናት የፈረቃ ዝርዝር አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይለጠፋል፣ ማስታወቂያው እንደ ተሰማም አንዱ ይጸናል። ይህን ሳያደርጉ በውድቅት ሌሊት በስልክ የሚደዋወሉ የፈረቃ ኃላፊዎች ብዙ ናቸው።

ሕጉ አንድ ቀን ሲሰጥ ልማዱ ሳምንት የሚጠይቅበት ዋናው ምሳሌ መስቀል ነው። መስከረም 17 በሕግ አንድ ቀን ነው፤ ለጉራጌ ተወላጅ ግን መስቀል ከዓመት ዓመት የሚጠበቅ የመሰባሰቢያ ወቅት ነው፤ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚሠራው ሁሉ ወደ አገር ቤት ይገባል፣ በሬ ይታረዳል፣ ክትፎ ይቀርባል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። በዚያ ሰሞን መርካቶ ውስጥ ብዙ ሱቆች ይዘጋሉ። እዚህ ላይ መዝጋትን የሚወስነው የቀን መቁጠሪያው ሳይሆን የሠራተኛውና የባለቤቱ የትውልድ አካባቢ ነው። አሠሪው የሌላ አካባቢ ሰው በሆነ ጊዜ ግን ስለ ዓመት ዕረፍት መነጋገር ግድ ይሆናል። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን እየጨመረ የዓመት ዕረፍት ይሰጣል፤ ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማም ለሁለት ተከፍሎ ሊወሰድ ይችላል። የዕረፍቱን አንድ ክፍል ለመስቀል፣ ለፍቼ ጨምበላላ፣ ለኢሬቻ ወይም ለሌላ የአካባቢ በዓል ማስያዝ ለሁለቱም ወገን የሚመች አሠራር ነው፤ በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ እንዳሉት ሠራተኞቻቸውን ከዙሪያው ገጠር የሚቀጥሩ ፋብሪካዎች የአካባቢውን በዓል ያላገናዘበ የምርት ዕቅድ ማውጣት አያዋጣቸውም።

መዝጋት የማይችሉም አሉ። ሆስፒታል፣ የመብራት ኃይል፣ አየር መንገድና ጥበቃ በዓል አያውቁም፤ ይህን ሁሉም ይረዳል። ብዙም የማይነገርለት የአበባ እርሻዎች ጉዳይ ነው። በሆለታ፣ በቢሾፍቱና በዝዋይ የሚመረተው ጽጌረዳ በየቀኑ ካልተቆረጠ በግንዱ ላይ ፈክቶ ዋጋ ያጣል፤ የአውሮፓ ገበያ ከፍተኛው ፍላጎት ደግሞ ፌብሩዋሪ 14 ማለትም የካቲት 7 ቀን በሚውለው የፍቅረኞች ቀን ዙሪያ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ስለሚውል የሠራተኛው በዓልና የገበያው ሩጫ የአንድ ወር ልዩነት እንኳ የላቸውም፤ ተክሉም ለዚያ ቀን እንዲያብብ ከሳምንታት በፊት ተገርዞ የሚዘጋጅ በመሆኑ ጊዜውን መግፋት አይቻልም። ከአበባ ቆራጮች ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ በበዓል ቀን ወደ እርሻው የገባች ሴት ከምታገኘው እጥፍ ክፍያ ላይ፣ ታቦቱን ለመሸኘት የምትደርስበት ሰዓት ቢመቻችላት በሕግ ባይታዘዝም ተገቢ ነው። በተራ የሚሠራበት ዝርዝር አውጥቶ በገና የገባችውን በጥምቀት ማሳረፍም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

ከዕረፍቱ ቀጥሎ የሚመጣው የገንዘቡ ጉዳይ ነው፤ ጳጉሜንም እዚህ ላይ ማንሳት ይገባል። የኢትዮጵያ ዓመት አሥራ ሦስት ወር ቢኖረውም የወር ደመወዝተኛ በአብዛኛው የሚቀበለው አሥራ ሁለት ደመወዝ ነው። በነሐሴ መጨረሻ የተቀበለው ደመወዝ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ለ35 ቀናት፣ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ለ36 ቀናት ሊያቆየው ይገባል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ አለ። በዓመቱ ረጅሙ ወር ብዙ ወጪ የሚወጣበት ወር ነው ማለት ነው። የጳጉሜን ቀናት አስበው የሚከፍሉ ድርጅቶች አሉ፤ ሌሎች በዓመቱ መለወጫ ጉርሻ ወይም ቦነስ ብለው የሚሰጡት ይህንኑ ክፍተት ይሞላል። ደመወዝን ከበዓል በፊት ቀደም አድርጎ መክፈልም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም በግል ድርጅቶችም የተለመደ ነው፤ ሆኖም ቀድሞ የተከፈለ ደመወዝ ክፍተቱን ወደ ፊት ይገፋዋል እንጂ አይዘጋውም። የታኅሣሥን ደመወዝ ለገና ብሎ በ20 የተቀበለ ሠራተኛ እስከ ጥር መጨረሻ አርባ ቀን ይጠብቀዋል፤ መካከሉ ላይም ጥምቀት ቆሟል።

ቦነስ በሕግ ዓይን ደመወዝ አይደለም። አዋጁ ደመወዝን ሲተረጉም ትርፍ ሰዓትን፣ የውሎ አበልን፣ ቦነስንና ኮሚሽንን ከደመወዝ ውጪ ያደርጋቸዋል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ሲሰናበት የሥራ ስንብት ክፍያው የሚሰላው ቦነሱ ሳይጨመርበት ነው። ለግብር ግን ገቢ ነው፤ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ውስጥ ስለሚቆጠር፣ በከፍተኛው የደመወዝ እርከን ላይ ካለ ሠራተኛ ጉርሻ 35 ከመቶው ይቀነሳል። ቦነስ የሚሰጥ ድርጅት ይህን አስቀድሞ ማስረዳት ይገባዋል፤ የተነገረው ገንዘብና እጅ የገባው ገንዘብ ሳይመሳሰሉ ሲቀሩ ለሠራተኛው ደስታ የታሰበው የቅሬታ ምንጭ ይሆናልና።

ከገንዘብ ስጦታው ይልቅ በሠራተኛው ልብ ውስጥ ሥር የሰደደው በሬው ነው። ቅርጫ ማለት ጥቂት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ገዝተው፣ አርደው በእኩል የሚከፋፈሉበት ሥርዓት ሲሆን ከመንደር ወደ ሥራ ቦታ ከገባ ቆይቷል። በዋዜማው ማለዳ በአንድ ፋብሪካ ወይም ጋራዥ ግቢ የሚታየው በየቦታው ተመሳሳይ ነው፤ መሬት ላይ ሸራ ተዘርግቷል፣ ቢላዋና መጥረቢያ ተስሏል፣ አራጆቹ ቆዳውን ገፈው ሥጋውን በመደብ በመደብ ይደለድላሉ። መደብ የሚባለው አንድ ባለ ድርሻ የሚወስደው ክምር ነው፤ ከሻኛው፣ ከጎድኑ፣ ከታፋው፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራውና ከአጥንቱ በየመጠኑ ይደርሰዋል። ክምሮቹ ሲስተካከሉ እያንዳንዱ ባለ ድርሻ ጠጠር፣ ቁልፍ ወይም እንጨት ይሰጣል፣ የማን ምን እንደሆነ ያላየ ሰውም ዕጣውን በየመደቡ ላይ ይጥላል። በዓመቱ ውስጥ የሥራ አስኪያጁና የጽዳት ሠራተኛዋ በእኩል ዕጣ የሚቆሙበት ቀን ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የቅርጫ ክብሩም እዚህ ላይ ነው። ድርጅቱ በሬውን በራሱ ወጪ ሲገዛና ለኃላፊዎች ሁለት መደብ፣ ለተራው ሠራተኛ ግማሽ መደብ ብሎ ሲያከፋፍል ግን ሥጋው ይደርሳል፣ ቅርጫው ግን ጠፍቷል።

በሬውን ድርጅቱ አስቀድሞ ገዝቶ ዋጋውን ከሠራተኛው ደመወዝ በየወሩ የሚቀንስበት አሠራርም ተስፋፍቷል። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ሠራተኛው በጽሑፍ መስማማት አለበት፣ ከወር ደመወዙ የሚቀነሰውም በድምሩ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም። ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው የእርዱ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም፤ ስለዚህ አንድ በሬ ብቻ የሚያርድ ድርጅት፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ ከሠራተኛው አንዱን ወገን ከማዕዱ ያስወጣል። በሬው ሁለት መሆን፣ አራጁም ከሁለቱም ወገን መሆን አለበት፤ ያ ካልተቻለ ዋጋው ተመጣጣኝ የሆነ በግ፣ ዘይት ወይም ገንዘብ ሠራተኛው ራሱ በመረጠው በዓል ላይ ሊሰጠው ይችላል።

ድግሱ መቼ ይደረግ የሚለውን የሚወስነው ከምንም በላይ ጾም ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ በነሐሴ 16 ይፈታል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚዞር በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዐቢይ ጾም ውስጥ ውሏል። በአዲስ አበባ ያሉ አንዳንድ የውጭ ድርጅቶች የዓመቱን መጨረሻ ድግስ በአውሮፓውያኑ ገና፣ ማለትም በታኅሣሥ 16 ሰሞን ሲያደርጉ፣ ከጥብሱ ጠረጴዛ ይልቅ ሰልፉ የሚረዝመው ከሽሮውና ከምስር ወጡ ፊት ነው። ለሠራተኛ ድግስ የሚመቸው ወቅት ከፍልሰታ ፍቺ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለው ሲሆን እንቁጣጣሽም በዚያው ውስጥ ይውላል፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት በሰኔ 30 ስለሚዘጋ የሒሳብ ክፍሉም ያን ጊዜ ትንፋሽ አግኝቷል። ረቡዕና ዓርብ ግን ያኔም ጾም ናቸው፤ በ2013 ዓ.ም. መስከረም 1 ዓርብ ውሎ ብዙ ቤት ዶሮው ለቅዳሜ ተላልፏል፣ በ2019ም የሚውለው ዓርብ ነው።

የድግሱ መልክም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በሆቴል አዳራሽ በምሽት የሚደረገው ሲሆን ንግግር፣ ሙዚቃ፣ ቢራና የረጅም ዘመን አገልግሎት ሽልማት አለበት። ሌላው በሥራ ቦታው በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የሚደረገው ዳቦ ቆረሳ ነው፤ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ ይበተናል፣ ከሠራተኞቹ በዕድሜ የሚበልጡት አባት ወይም እናት ድፎውን ባርከው ይቆርሱታል፣ ምርቃታቸውንም ሁሉም አሜን እያለ ይቀበላል። ሁለተኛው ወጪው ትንሽ፣ የሚያቅፈው ሰው ግን ብዙ ነው። የምሽቱ ድግስ አልኮል የማይጠጡትን፣ ሕፃን ቤት የተዉትን እናቶችና ከከተማው ዳር የሚመጡትን ያስቀራል፤ ማመላለሻ መኪና እስከ ድግሱ ፍጻሜ ካልቆመ ሴት ሠራተኛ ማዕዱ ሳይነሣ መሄድ ግዷ ይሆናል። አዳራሽ ለመከራየት ያሰበ ድርጅት ከምግቡ ዝርዝር በፊት የመመለሻውን መኪና መቁጠር ይኖርበታል።

ከሁሉም የከፋው መገለል ግን በጥበቃና በጽዳት ሠራተኞች ላይ የሚደርሰው ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች እነዚህ ሠራተኞች የሚቀጠሩት በኤጀንሲ በኩል ነው፤ ኤጀንሲ ማለት ሠራተኛ ቀጥሮ ለሌላ ድርጅት አገልግሎት የሚያቀርብ ኩባንያ ሲሆን፣ የሠራተኛው ውል ከእሱ ጋር እንጂ ከሚያገለግለው መሥሪያ ቤት ጋር አይደለም። በዚህ ምክንያት ስማቸው በበዓሉ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ድርጅቱ የእኛ ሠራተኞች አይደሉም ይላል፣ ኤጀንሲውም ጉርሻ በውሉ የለም ይላል፤ በሩን እየከፈተ በሬውን ያስገባው ዘበኛና የታረደበትን ግቢ ያጠበችው ሴት ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በበዓሉ ቀን ግቢውን የሚጠብቀውም ይኸው ዘበኛ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለድሆች ማዕድ አጋራሁ ብሎ ፎቶግራፍ ከመነሣቱ በፊት በገዛ በሩ ላይ የቆመውን ሰው ማየት አለበት።

የአገልግሎት ግዢ ውል የሚፈርሙ ኃላፊዎች የበዓል ስጦታውን በውሉ ውስጥ አንድ መስመር አድርገው ማስገባት ይችላሉ፤ የሠራተኛ ማኅበራትም በሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ የቀን ሠራተኛውን የበዓል ክፍያ፣ የጳጉሜንን ቀናትና የቅርጫውን ድርሻ በጽሑፍ እንዲሰፍሩ ማድረግ ይችላሉ። የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍሎች የዓመቱን የበዓል ዝርዝር፣ የፈረቃ ተራውንና የስጦታውን ደንብ ነሐሴ ሳይወጣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉት፤ ስም ዝርዝሩንም ሲያዘጋጁ ከበሩ ይጀምሩ።